እናት ስትመለስ

ጆን ቦልቢ ለንደን ውስጥ ከሀብታም ቤት የተወለደው በ1907 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። በዚያ ዘመን ደኅና ኑሮ ባላቸው የእንግሊዝ ቤቶች ልጅ የሚያድገው በሞግዚት እጅ ነው፤ እናቱን የሚያያት በቀን አንድ ሰዓት ያህል፣ ሻይ ከተጠጣ በኋላ ነበር። ትንሹን ጆን ያጠበችው፣ ያለበሰችውና ያስተኛችው ሚኒ የምትባል ሞግዚት ናት። አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሚኒ ሥራዋን ለቃ ሄደች። ቦልቢ ካረጀ በኋላም ያን መለያየት ሲያነሣ እናት ከማጣት ጋር ያመሳስለው ነበር።

ይህ ልጅ አድጎ ሐኪም በሆነበት ጊዜ ሳይንስ ስለ ሕፃናት የሚለው ሌላ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆን ዋትሰን በ1928 ባሳተመው የልጆች አስተዳደግ መጽሐፍ እናቶችን አትቀፏቸው፣ አትሳሟቸው፣ ጭናችሁ ላይ አታስቀምጧቸው፣ ጠዋት ሲነሡ እጃቸውን ጨብጧቸው ብሎ መከረ። የፍሮይድ ተከታዮች ደግሞ ሕፃን እናቱን የሚወዳት ስለምታጠባው ነው ይሉ ነበር። ሁለቱ ወገኖች በብዙ ነገር ይጣላሉ፤ ፍቅር በምግብ በኩል እንደሚመጣ ግን አይከራከሩም። የዋትሰን ዓይነት ምክር አዲስ አበባም ውስጥ እንግዳ አይደለም። «እቅፍ አታስለምጂው» የሚባሉ አራሶች አሉ።

ቦልቢ በለንደን የልጆች ምክር መስጫ ክሊኒክ ሲሠራ ሰርቀው የተያዙ ልጆች ይመጡለት ነበር። በ1944 ባወጣው ጽሑፍ 44 እንዲህ ያሉ ልጆችን፣ ወደዚያው ክሊኒክ በሌላ ችግር ከመጡና ከማይሰርቁ 44 ልጆች ጋር አነጻጸረ። ከሰረቁት መካከል 14ቱ ለማንም ፍቅር የማያሳዩ፣ ምንም የማይሰማቸው የሚመስሉ ናቸው። ከእነዚህ 14 ልጆች 12ቱ ገና በጨቅላነታቸው ከእናታቸው ለረጅም ጊዜ ተለይተው ቆይተዋል። ከማይሰርቁት 44 ግን እንዲህ ያለ መለያየት የደረሰባቸው ሁለት ብቻ ነበሩ። ጥናቱ ጉድለት አለበት፤ ልጆቹን የመረመረውም፣ የመደባቸውም፣ ሐሳቡን ያመነጨውም ራሱ ቦልቢ ነው። ሆኖም ጥያቄው ከዚያ በኋላ ሊዳፈን አልቻለም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ጥያቄውን አጋጋለው። በመስከረም 1939 የቦምብ ድብደባ ተፈርቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ከእንግሊዝ ከተሞች ወደ ገጠር ሲላኩ፣ ብዙዎቹ የሄዱት ያለ ወላጅ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ያሉ የሕፃናት ማሳደጊያዎችም በሙት ልጆች ተጨናነቁ። ሬኔ ስፒትዝ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ንጹሕ በሆነ፣ ምግብ በማይጎድልበት፣ ነገር ግን አንዲት ተንከባካቢ ለብዙ ሕፃናት በምትደርስበት ማሳደጊያ ያሉትን ልጆች፣ እስረኛ እናቶቻቸው በሚንከባከቧቸው የእስር ቤት መዋያ ካሉ ልጆች ጋር አወዳደረ። በንጹሑ ማሳደጊያ ከነበሩት 91 ሕፃናት ሁለት ዓመት ሳይሞላ 34ቱ ሞተዋል። የስፒትዝ አሠራር በኋላ ብዙ ትችት ቢቀርብበትም፣ የቀረጻቸው ሕፃናት ፊት ያየውን ሁሉ ረብሿል።

እዚህ ላይ ጄምስ ሮበርትሰን ይመጣል። ሮበርትሰን ከስኮትላንድ ሠራተኛ ቤተሰብ የወጣ ሰው ነው። በጦርነቱ ጊዜ የፍሮይድ ልጅ አና ፍሮይድ ለንደን፣ ሐምፕስቴድ ውስጥ በከፈተችው የሕፃናት መዋያ የማሞቂያ እሳት ያነድድ ነበር። እዚያ የሚሠራ ሰው ሁሉ፣ እሳት አንዳጁም ሳይቀር፣ ስለ ልጆቹ ያየውን በካርድ እንዲጽፍ ይጠየቃል። ሮበርትሰን ማየትና መጻፍ የለመደው በዚህ መንገድ ነው። በ1948 ቦልቢ ታቪስቶክ ክሊኒክ ውስጥ ቀጠረውና ሆስፒታል የተኙ ትንንሽ ልጆችን እንዲከታተል ላከው።

የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት። በኢትዮጵያ ሆስፒታል አልጋ አጠገብ አስታማሚ አይጠፋም፤ ቃሉ ራሱ የኑሮው አካል ነው። በዚያን ጊዜ በነበሩት የለንደን ሆስፒታሎች ግን አስታማሚ የሚባል ነገር የለም። አንዳንዶቹ ወላጅን የሚያስገቡት እሑድ ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ልጁን ተኝቶ ሳለ ብቻ እንዲያዩት የሚፈቅዱም ነበሩ። ነርሶቹ ክፉዎች አልነበሩም። ወላጅ በመጣ ቁጥር ልጁ ስለሚያለቅስ፣ ባይመጣ ይሻለዋል ብለው ከልብ ያምኑ ነበር።

ሮበርትሰን በክፍሎቹ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየው ግን ሌላ ነው። ልጁ መጀመሪያ ይጮኻል፣ በር በሩን ያያል፣ የመጣውን ሁሉ ይገፋል። ከቀናት በኋላ ዝም ይላል፣ ይደበታል፣ ምግብ ይጠላል። ከዚያም ይነቃና ለነርሶቹ ፈገግ ይላል፣ መጫወቻ ይቀበላል። ሠራተኞቹ ይህን ሲያዩ «ለመደ» ይላሉ። እናቱ በምትመጣበት ቀን ግን ልጁ እንደማያውቃት ሆኖ ፊቱን ያዞራል። ሮበርትሰን ሦስቱን ደረጃዎች እምቢታ፣ ተስፋ መቁረጥና መነጠል ብሎ ሰየማቸው። በእሱ ዓይን በጣም የሚያስፈራው ሆስፒታሉ «ለመደ» የሚልበት ሦስተኛው ደረጃ ነበር።

ሲናገር የሚሰማው ሐኪም አጣ። ስለዚህ ሊያሳያቸው ወሰነ። በ1952 በጥቂት ገንዘብና በእጅ በሚያዝ ካሜራ፣ ያለ በቂ ሥልጠና፣ ሎራ የተባለች የሁለት ዓመት ከአምስት ወር ልጅ በእምብርቷ አካባቢ ላለባት እብጠት ቀዶ ሕክምና ስታደርግ የቆየችባቸውን ስምንት ቀናት ቀረጸ። ቦልቢ «ሆን ብላችሁ የምታለቅስ ልጅ መርጣችሁ ነው» እንዳይባሉ ልጅቷ በዕጣ እንድትመረጥ፣ ቀረጻውም በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት እንዲሆን አዘዘ፤ ሰዓቱን የሚያሳየው የግድግዳ ሰዓትም ፊልሙ ውስጥ ይታያል። ሎራ ከዕድሜዋ በላይ ራሷን የምትገዛ ልጅ ነበረች። ብዙ አልጮኸችም። ፊቷ ይጨማደዳል፣ እንባዋን ትውጣለች፣ አሻንጉሊቷን አጥብቃ ትይዛለች፣ እናቷን በዝግታ ትጠይቃለች። በመጨረሻው ቀን እናቷ ልትወስዳት መጣች። ልጅቷ ዕቃዎቿን ለቅማ ከክፍሉ ስትወጣ የእናቷን እጅ ለመያዝ እምቢ አለች።

ፊልሙ በዚያው ዓመት ኅዳር ለንደን ውስጥ ለሐኪሞች ማኅበር ሲታይ ብዙዎቹ ተቆጡ። ሙያችንን ስም ማጥፋት ነው፣ ይታገድ ያሉም ነበሩ። አንዳንዶቹ ግን ወደ ሥራቸው ተመልሰው የራሳቸውን ክፍሎች በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ። በ1959 የእንግሊዝ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ ወላጆች ልጆቻቸውን ያለ ገደብ እንዲጠይቁ የሚል ምክረ ሐሳብ አቀረበ። ቦልቢም ከፊልሙ ቀደም ብሎ በዓለም ጤና ድርጅት ተጠይቆ በ1951 ባወጣው ዘገባ ሕፃን ከእናቱ ወይም በእናቱ ቦታ ከቆመች ቋሚ አሳዳጊ ጋር የሞቀና የማይቋረጥ ግንኙነት ያስፈልገዋል አለ። ለምን እንደሚያስፈልገው ግን ማብራሪያ አልነበረውም።

ማብራሪያውን ፍለጋ ወደ እንስሳት ሄደ። ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ በ1930ዎቹ የዝይ ጫጩቶች ከእንቁላል እንደወጡ መጀመሪያ ያዩትን ተንቀሳቃሽ ነገር፣ ራሱን ሎሬንዝን ሳይቀር፣ እንደ እናት እንደሚከተሉ አሳይቷል። እነዚህን ጫጩቶች ማንም አላበላቸውም፤ መከተል ከምግብ ጋር የተያያዘ አይደለም ማለት ነው። ቦልቢ የሰው ልጅም አዳኝ አውሬ በበዛበት ዓለም ለመትረፍ ከሚያስጠጋው ሰው አጠገብ መሆንን በተፈጥሮው ይሻል ብሎ ተነሣ። ይህንን ትስስር ቁርኝት አለው። የሥራ ባልደረቦቹ በ1957 ጽሑፉን ሲያነብላቸው ክፉኛ ነቀፉት።

ቀደም ሲል ሐሳቡን ከተጠራጠሩት አንዷ ወዳጁ ሜሪ ኤንስዎርዝ ነበረች። ይህ ታሪክ ከዚህ ወዲያ የእሷ ነው።

ኤንስዎርዝ በ1913 ኦሃዮ ተወልዳ ካናዳ ቶሮንቶ ያደገች፣ በጦርነቱ ጊዜ በካናዳ የሴቶች ጦር እስከ ሻለቃ የደረሰች ምሁር ናት። በ1950 ባሏን ተከትላ ለንደን ስትመጣ በጋዜጣ የወጣ የሥራ ማስታወቂያ ከቦልቢ ጋር አገናኛት። ሥራዋ የሮበርትሰንን ማስታወሻዎች መተንተን ነበር። የእሳት አንዳጁ ሰውዬ ጽሑፍ ከብዙ ምሁራን ሠንጠረዥ በላይ ማረካት፤ አንድ ቀን የራሴን ጥናት ካደረግሁ እንዲህ ነው የማደርገው ብላ ወሰነች። ስለ ሎሬንዝ ዝይዎች ግን ቦልቢን እንዲጠነቀቅ ትመክረው ነበር። ሕፃን እናቱን የሚወዳት ፍላጎቱን ስለምታሟላለት ነው የሚለውን አሮጌውን ሐሳብ አልለቀቀችም።

በ1954 ባሏ ዩጋንዳ ሥራ አገኘና አብራው ካምፓላ ሄደች። እዚያ ካለው ከማኬሬሬ ኮሌጅ ጥቂት ገንዘብ አግኝታ በአካባቢው መንደሮች የሚኖሩ 26 የጋንዳ ቤተሰቦችን፣ በእነሱም ቤት ያሉ 28 ሕፃናትን መከታተል ጀመረች። መጀመሪያ ልታጠና ያሰበችው ጡት መጣልን ነበር። ጋንዳዎች ልጅ ጡት ሲጥል ለተወሰነ ጊዜ ወደ ዘመድ ይልኩታል ተብላ ነበርና። በኢትዮጵያ ገጠርም ልጁን አያቱ ጋ በመላክ ጡት ማስጣል የታወቀ ነው። ደርሳ ስትጠይቅ ግን በእነዚያ መንደሮች ልማዱ ብዙም እንደማይጠበቅ አወቀች። ስለዚህ ጥያቄዋን ለወጠች፤ ሕፃን እናቱን ከሌላው ሰው የሚለየው፣ የሚከተላትና የሚተማመንባት መቼና እንዴት ነው?

በየሁለት ሳምንቱ ከአስተርጓሚዋ ጋር እየመጣች፣ እናቶች ከሰዓት በኋላ እንግዳ በሚቀበሉበት ክፍል ሁለት ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች። እንዲህ እስከ ዘጠኝ ወር ቀጠለች። ያየችው ቀላል ይመስላል። ዳዴ የሚል ልጅ ከእናቱ ጭን ወርዶ ወደ እንግዳዋ ይሄዳል፣ ዕቃ ይነካካል፣ ዞር ብሎ እናቱን ያያል፣ ተመልሶ ይነካትና እንደገና ይሄዳል። እናቱ ከተነሣች ጨዋታው ሁሉ ይቆማል። ስትመለስ የጋንዳ ሕፃናት ሰላምታቸው ማጨብጨብ ነው፤ ፊታቸው በርቶ በትንንሽ እጆቻቸው ያጨበጭባሉ። እናት ለልጁ የዕረፍት ቦታ ብቻ ሳትሆን ዓለምን ለማየት የሚነሣባት ደጅ ናት። ኤንስዎርዝ ሐሳቧን የለወጠችው እዚህ ነው። ዝም ብሎ የሚጠብ፣ ምግብ የሚቀበል ፍጡር አላየችም። የሚፈልግ፣ የሚጠራ፣ የሚመርጥ ልጅ ነው ያየችው። ቦልቢ ልክ ነበር።

ሁሉም ሕፃን ግን አንድ አልነበረም። አንዳንዱ እናቱ አጠገቡ ሆና እንኳ ያለቅሳል፤ አንዳንዱ እናቱን ከሌላው ሰው የሚለይ አይመስልም። ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ ስትመረምር ከማትጠብቀው ነገር ጋር ተጋጠመች። ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ ሳይሰለቹ፣ ትንሿን ነገር ሁሉ እየጠቀሱ የሚያወሩ እናቶች ልጆች የተረጋጉ ነበሩ። እናት ልጇን ምን ያህል ታስተውለዋለች የሚለው የጥናቱ ልብ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ የተገኘው አፍሪካ ውስጥ፣ በሰው ቤት፣ ያለ ምንም መሣሪያ መሆኑን የመማሪያ መጻሕፍት በሚገባው ልክ አያነሡትም።

በዚህ መካከል፣ በ1958፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሪ ሃርሎ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ የጦጣ ግልገሎችን ከእናታቸው ለይቶ ሁለት ሰው ሠራሽ እናቶች ሰጣቸው። አንዷ ከሽቦ የተሠራች፣ ሌላዋ በለስላሳ ጨርቅ የተሸፈነች ናት። ወተቱ በሽቦዋ በኩል ቢሆንም እንኳ ግልገሎቹ ጠብተው ወዲያው ወደ ጨርቋ ይመለሳሉ፤ ቀኑን አብዛኛውን የሚያሳልፉት እሷ ላይ ተለጥፈው ነው። ፍቅር በምግብ በኩል ይመጣል የሚለው ሐሳብ በዚህ ተሰበረ። የግልገሎቹ ስቃይ ዛሬም ሲታሰብ ልብ ይነካል።

ኤንስዎርዝ ወደ አሜሪካ ተመልሳ ባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረች። በ1963 የዩጋንዳውን ሥራ በስፋት ለመድገም ተነሣች። አሁንም 26 ቤተሰቦች ናቸው። ተመልካቾቹ ልጁ ሦስት ሳምንት ሲሞላው ጀምረው እስከ 54 ሳምንቱ በየሦስት ሳምንቱ ይመጣሉ፤ በአንድ ጉብኝት አራት ሰዓት ይቆያሉ። ለአንድ ቤተሰብ 72 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ሲያለቅስ ማን ደረሰለት? ከምን ያህል ጊዜ በኋላ? ሲታቀፍ ይረጋጋል ወይስ ይወጠራል? ሁሉም ይጻፋል።

ከካምፓላ የተለየ ነገር አጋጠማት። የጋንዳ ሕፃን እናቱ ብድግ ስትል ያለቅሳል፤ የባልቲሞር ሕፃን ግን እናቱ ከክፍል ክፍል ስትመላለስ መዋሏን ለምዶታል፣ ብዙም አይደነግጥም። ቁርኝቱ እንዲገለጥ ልጁ ትንሽ ግር የሚለው ቦታ ያስፈልጋል። እንግዲህ በ1964 ከባልደረባዋ ከባርባራ ዊቲግ ጋር ሃያ ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሙከራ አዘጋጀች። «እንግዳ ሁኔታ» ተባለ።

ክፍሉ ሁለት ወንበርና ወለል ላይ የተበተኑ መጫወቻዎች አሉት። በአንድ በኩል ከውጭ ወደ ውስጥ ብቻ የሚያሳይ መስታወት ተገጥሟል፤ ከኋላው ተመልካቾች ይጽፋሉ። አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ከእናቱ ጋር ይገባና ይጫወታል። የማያውቃት ሴት ገብታ ትቀመጣለች። እናት ትወጣለች፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆይታ ትመለሳለች። እንደገና ትወጣና ልጁ ብቻውን ይቀራል። እንግዳዋ ትገባለች፤ በመጨረሻም እናት። ልጁ አብዝቶ ካለቀሰ ጊዜው ያጥራል።

ኤንስዎርዝ ዋናውን ነገር ያገኘችው እናት ስትወጣ ሳይሆን እናት ስትመለስ ነው። መጀመሪያ ከመረመረቻቸው 23 ሕፃናት 13ቱ አለቀሱም አላለቀሱም፣ እናታቸው ስትገባ ይቀርቧታል፣ ይታቀፋሉ፣ ይጽናናሉ፣ ወደ መጫወቻቸው ይመለሳሉ፤ ይህ አስተማማኝ ቁርኝት ተባለ። አራቱ እቀፊኝ ብለው እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ሲታቀፉ ደግሞ እየተራገጡ ይገፏታል፣ አይጽናኑም። ስድስቱ ግን ስትወጣ አላለቀሱም፣ ስትመለስም ፊታቸውን ወደ መጫወቻው አዞሩ። ማንም ቢያይ እነዚህን ስድስቱን «ራሳቸውን የቻሉ» ይላቸዋል። ኤንስዎርዝ ግን ይህንን ፊት ታውቀዋለች፤ በሮበርትሰን ማስታወሻዎች ውስጥ ከሆስፒታል የሚመለሱት ልጆች ፊት ነው። ስድስቱ ከእናታቸው ለረጅም ጊዜ ተለይተው አያውቁም። የቤት ማስታወሻዎቹ ሲገለጡ ግን እናቶቻቸው የልጁን ገላ ወደ ራሳቸው ማስጠጋት የማይወዱ፣ ሊታቀፍ ሲመጣ የሚገፉ ሆነው ተገኙ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች የእንዲህ ያሉ ሕፃናትን የልብ ምት ሲለኩ፣ ከውጭ ጸጥ ያለው ልጅ ልቡ በኃይል ሲመታ አገኙት።

በ1972 ከሲልቪያ ቤል ጋር ያወጣችው ውጤት ደግሞ የዋትሰንን ምክር የሚቃረን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለለቅሷቸው ቶሎ የተደረሰላቸው ሕፃናት በዓመቱ መጨረሻ የሚያለቅሱት ያነሰ ነው፤ ፍላጎታቸውን በምልክትና በድምፅ መግለጽ ይቀናቸዋል። ለልቅሶ መድረስ ልጁን የባሰ አልቃሻ ያደርገዋል የሚሉ ምሁራን አጥብቀው ተከራከሯት። «እቅፍ አታስለምጂው» ለሚሉትም ቢሆን ከባልቲሞር ቤቶች የወጣው መልስ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሙከራው በዓለም ተሰራጨ፤ ክርክሩም እንዲሁ። በጀርመኗ ቢሌፌልድ ከተመረመሩት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከእናታቸው የሚሸሹ ሆኑ። በጃፓኗ ሳፖሮ ሲሶ ያህሉ የማይጽናኑ ሆኑ፤ በዚያ ግን እናቶች ሕፃኑን ለሰው ጥለውት ስለማያውቁ ብቻውን መቅረት ራሱ እጅግ ያስደነግጠዋል። በ1988 ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከስምንት አገሮች የተገኙ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ምርመራዎችን ሰብስበው ሲመለከቱ፣ በአንድ አገር ውስጥ ያለው ልዩነት በአገሮች መካከል ካለው በልጦ ተገኘ። በእስራኤል ኪቡትሶች (የጋራ ኑሮ መንደሮች) ልጆች ቀን ቀን ከተንከባካቢ ጋር ውለው ማታ ቤታቸው ከተኙ 80 በመቶው፣ ሌሊትም በጋራ መኝታ ካደሩ ግን 48 በመቶው ብቻ አስተማማኝ ቁርኝት እንዳላቸው በ1994 ተዘገበ። ሌሊት ሲያለቅሱ የሚደርስላቸው በየሳምንቱ የሚቀያየር ዘበኛ ነበርና። የኤንስዎርዝ ተማሪ ሜሪ ሜይን በበኩሏ ከሦስቱ መደብ የማይገቡ ልጆች እንዳሉ አየች፤ ወደ እናታቸው ሲሄዱ መንገድ ላይ ደርቀው የሚቀሩ፣ ፊታቸውን አዙረው ወደ ኋላ የሚቀርቡ ናቸው። በ1986 ከጁዲት ሰለሞን ጋር አራተኛ መደብ ጨመሩ፤ የሚያስጠጋው ሰው ራሱ የሚያስፈራው ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋዋል።

ከሁሉም ከባዱ ማስረጃ የመጣው ከሩማንያ ነው። የአገሪቱ መሪ ቻውሼስኩ በ1966 ፅንስ ማስወረድን ከከለከለ በኋላ ማሳደጊያዎቹ ሞልተው ነበር። ከ2000 ጀምሮ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቡካሬስት ውስጥ በማሳደጊያ ያሉ 136 ሕፃናትን ተከታተሉ፤ ግማሾቹ በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሄዱ። ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው ከማሳደጊያ ምድብ ልጆች 18 በመቶ ያህሉ፣ ቤተሰብ ካገኙት ደግሞ ግማሽ ያህሉ አስተማማኝ ቁርኝት ነበራቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት የተሻለ አገገሙ።

ቦልቢ በ1990፣ ኤንስዎርዝ በ1999 አረፉ። ልጅ መውለድ ትፈልግ የነበረችው ኤንስዎርዝ የራሷ ልጅ አልነበራትም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓለም ክፍሏን ተቀብሎ ቤቶቹን መተዉ ያሳዝናት ነበር። ተመራማሪው ሁሉ ሃያ ደቂቃውን ወሰደ፤ 72ቱን ሰዓት እንደገና የተቀመጠው ጥቂት ነው።